ከኋላ ወንበር የተፈተለ ባና

እጄ ሥራ ከፈታ ጆሮዬም ይፈታል። ይህን ለብዙ ሰው ነግሬ ያመነኝ ጥቂት ነው። ስብሰባ ላይ እጄን አጣጥፌ እንድቀመጥ ከተደረግሁ፣ ተናጋሪው የሚለው ሁሉ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንዝርት ከያዝኩ ግን አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ያደግሁት መንዝ ነው። የመንዝ ሴት ውሃ ስትወርድም፣ ገበያ ስትሄድም፣ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስም እንዝርቷ ከእጇ አይለይም። ያስተማረን ብርዱ ነው። ባና የሚባለው ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ የሌለው ሰው ከጓሳ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ አይችለውም፤ ባና ደግሞ ቁጭ ብዬ ልፍተለው ቢሉት ዓመትም አይበቃው። በመንገድ ላይ፣ በወሬ መሐል ነው የሚያልቀው።

የዚያን ክረምት መሐል ሜዳ ከተማ የመምህራን ኮርስ ገብቼ ነበር። እኛ ኮሌጅ እንለው ነበር፤ የሚያስተምሩን ከኮሌጅ የመጡ ስለሆኑ እንጂ፣ ቤቱ ቆርቆሮው የሚያንጠባጥብ አሮጌ አዳራሽ ነው። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የተውጣጣን ተማሪዎች በረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ኮርሱን ስንጨርስ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ልንመደብ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ከፊቴ የሚቀመጠው የቅኔ ቤት ትቶ የመጣ ዲያቆን ነበር። መምህሩ ስለ መደብ ትግል ሲናገር እሱ ዳዊት ይደግማል፤ ከንፈሩ ስለሚንቀሳቀስ መምህሩ ማስታወሻ የሚያጠና ይመስለውና ያመሰግነው ነበር። ከጎኔ የግሼ ልጅ አለች፤ እሷ ከዴስኩ ሥር ስፌት ትሰፋለች። ከሷ ቀጥሎ የመርሐቤቴው ነው። የቆላ ሰው ስለሆነ ብርዱ አልሆነለትም፤ ከእናቱ የተላከለትን የሽምብራ ቆሎ እንደ ከረሜላ እያመጠጠ አለስልሶ ነው የሚውጠው፣ ድምፅ እንዳይሰማበት። እኔ እፈትላለሁ። በዚያ ላይ ሁላችንም እንማራለን፤ አልተማራችሁም የሚለን ካለ ይምጣ።

ታናሽ ወንድሜን የያዙት ሐምሌ ላይ ነው። ዘመኑ ለብሔራዊ ውትድርና በየቀበሌው ልጅ የሚለቀምበት ነው። ቀበሌው ኮታ አለበት፣ የኛ ቤት ወንድ ልጅ አለው፣ በቃ። ከሌሎች ጋር መሐል ሜዳ አመጧቸውና ከአዳራሻችን ጀርባ ያለ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ አስቀመጧቸው። መኪና ሲመጣ ተጭነው ይሄዳሉ። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። መንገዱ ጭቃ ነው። አንዱ ፍልሰታ ሲፈታ ነው ይላል፣ ሌላው ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል ይላል። ከተቀመጥኩበት ወንበር በመስኮቱ የግቢው አጥር ይታየኛል። ልጆቹን ሰልፍ ሲያስተምሯቸው ድምፃቸው ይሰማል፤ የወንድሜን ለይቼ አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ ከሰው ዘግይቶ ነው የሚጮኸው።

እናቴ ጎረቤት እየመራት በእግሯ መጣች። ዓይኗ ደክሞ ነበር፣ እጇም መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መፍተል ትታለች። አንድ ጆንያ የበግ ጠጉር አሸክማ አምጥታ ነበር፤ ታጥቦ፣ ተነድፎ፣ አመልማሎ ሆኖ የተዘጋጀ፣ መፈተል ብቻ የቀረው። ወንድሜን በአጥሩ ቀዳዳ አነጋገረችው፣ ጉንጩን በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ልብስ መንግሥት ይሰጠዋል ይላሉ» አለችኝ። «ይስጠው። እኔ የመንግሥትን ልብስ አላውቀውም። ልጄ አንድ ነገር ቢሆን እናቱ በማታውቀው ጨርቅ ነው የሚጠቀለለው? ሳይሄድ ባናውን አድርሺለት።»

አላለቀሰችም። እንደመጣች ተመለሰች፣ ጆንያው እኔ ዘንድ ቀረ።

መቼ ልፍተለው? ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ትምህርት፣ ወደ ማታ የውይይት ክበብ፣ ከዚያ የመኝታ ክፍሉ ኩራዝ ይጠፋል። ያለኝ ጊዜ ክፍል ውስጥ የምቀመጥበት ብቻ ነው። በፊት የምፈትለው ለልማዴ ያህል ነበር። አሁን የመኪና ድምፅ እየጠበቅሁ ነው የምፈትለው። ከቁልቁለቱ በኩል ሞተር በተሰማ ቁጥር ወደ መስኮቱ እዞራለሁ፤ የእህል መኪና ይሆናል፣ የቢራ መኪና ይሆናል፣ ያልፋል። ከዚያ እጄ እስኪረጋ ክሩ ይበጠስብኛል። እግሬ እንኳ ከዴስኩ ሥር አርፎ አይቀመጥም።

እንዝርት ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ አሽከርክሮ ይለቀዋል፣ ግራ እጅ አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይስባል። ክሩ እየረዘመ ሲሄድ ግራ እጅ ከራስ በላይ ይወጣል። የማይደበቀው ይሄ ነው።

«እሺ ጓዲት፣ ጥያቄ አለሽ?» አለ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን።

ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፣ የጃኬቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። ያኔ አንቱ እንለው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ወንድሜን በጥቂት ዓመት ቢበልጠው ነው። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄ ጣሪያውን እያመለከተ ነው። ምን ላድርግ?

«በባላባቱ ጊዜ በጉ የባላባቱ ከሆነ፣ ጠጉሩስ የማን ነበር?» አልኩት። በአፌ የመጣልኝ እሱ ነው።

ደስታው ልክ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከገጠር ተማሪ ጠብቄ አላውቅም አለ። ስለ በጉና ስለ ጠጉሩ፣ ስለ ጌታውና ስለ ጭሰኛው ደወል እስኪደወል ሲያብራራ ቆየ፤ እኔም ደወል እስኪደወል ፈተልኩ። ከዚያ ወዲያ በየክፍለ ጊዜው እጄ ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ እወልዳለሁ። ስለ ወፍጮ ጠየቅሁ። ስለ ገዳም መሬት ጠየቅሁ። የሠራተኛው መደብ በግ ያረባል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ በክፍሉ ፊት ንቁ ተማሪ ብሎ ስሜን ጠራው። የግሼዋ ልጅ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ትነክሳለች።

«እስቲ እጅሽን ዝቅ አድርጊ» ትለኛለች በሹክሹክታ። «የአገሩን ጥያቄ ጨረስሽው እኮ፣ ለኛም አስተርፊልን።»

እንዲህ እያልኩ የጆንያውን ሩብ ሳላደርስ ተያዝኩ። ከውጭ ሞተር ሰማሁ፣ ደነገጥኩ፣ ክሩ ተበጠሰ። እንዝርቱ ከጭኔ ወርዶ መሬት ላይ ተንከባለለ። የአዳራሹ ወለል ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ በወንበሮቹ ሥር እየተሽከረከረ ሄዶ ከመምህሩ ጫማ ሥር ቆመ። ጎንበስ ብሎ አነሳው። የተፈተለውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ግራ እጄን አየ። እየገባው ሲሄድ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር።

«ስለዚህ ጥያቄዎችሽ ሁሉ …» አለና ተወው።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሰውየው አዝኖ ነበር፣ እኔም ማዘኑን አይቼ ተናደድኩ፤ ማዘን የሚገባኝ እኔ አይደለሁም እንዴ?

«ጆሮዬ እኮ ሥራ አልፈታም» አልኩት።

«አሁን ምን እያልኩ ነበር?»

እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ጆሮዬ ከመኪናው ጋር ነበር።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለ። ተረቱን ከማን እንደተማረው እንጃ፣ በኛው ተረት መታኝ። እንዝርቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሁላችንም እጅ ዴስክ ላይ ተዘርግቶ እንዲታይ አዘዘ። ስፌቱም ቀረ፣ ቆሎውም ቀረ። የዲያቆኑን ዳዊት ብቻ የሚያግድበት መላ አላገኘም።

በዚያ ሳምንት ክፍሉ በሙሉ ታመመ ብል ይቀለኛል። እጅ ዴስክ ላይ ተዘርግቶ ምን ይማራል? ወንበሩ ይንቋቋል፣ ሰው ያዛጋል፣ የመርሐቤቴው ዓይኑን ገልጦ ይተኛል። እኔ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ። ልጆቹ ከግቢው ይጮሃሉ፣ የወንድሜ ድምፅ ከሁሉ ኋላ ይመጣል፣ ጆንያው መኝታ ክፍሌ ተቀምጧል።

ነገሩን ያነሳው ዲያቆኑ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ አጥር ሥር ቆመን ሳለ፣ ጠጉሩን እንካፈለው አለ።

«ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ለያንዳንዳችን እፍኝ እፍኝ ይደርሰናል።»

«አንተ ትፈትላለህ?» አልኩት።

የመንዝ ወንድ ጠጉር ይነድፋል፣ ባናም ይሠራል፤ እንዝርት ግን አይነካም። እንዝርት ሲያሽከረክር የታየ ወንድ ስሙ ወጥቶ ይቀራል፣ ልጅ ወልዶም ስሙ አይለቀውም። ዲያቆኑ ይህን ከኔ የበለጠ ያውቃል። ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ፣ «አሳዪኝ» አለ። የመርሐቤቴውም «እኔ አገሬ ሩቅ ነው፣ ማን ያይብኛል» ብሎ እጁን ዘረጋ።

እንዝርት ከየቦታው ለቃቀምን። መምህሩ አንድ ልማድ ነበረው፦ ማስታወሻ የሚሰጠን ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነው፣ ሲጽፍ ደግሞ ጀርባውን ይሰጠናል። ጠመኔው መንጫጫት ሲጀምር እንዝርቶቹ ሁሉ ይነሳሉ። ጠመኔው ዝም ሲል እጆች ሁሉ ዴስክ ላይ ናቸው። ይዞራል፣ ያየናል፣ ሁላችንም ቁልጭ ቁልጭ እንላለን። ተመልሶ ይጽፋል፣ እንዝርቱ ይነሳል። የግሼዋ ልጅ ቀጭን አድርጋ ትፈትላለች፣ እኔ መካከለኛ፣ ዲያቆኑ ገመድ የሚያክል፣ የመርሐቤቴው ደግሞ ምን እንደሚፈትል እሱም አያውቀው። የሁላችንም ክር ግን መምህሩ በዞረበት ቦታ ላይ ጉጥ ያወጣል። እንዝርት ሩጫው መሐል ላይ ሲያዝ ጠጉሩ አይከርርም፣ ይሰበሰባል፣ ያብጣል፤ በጥድፊያ ሲቀጥሉት ደግሞ ከጉጡ በኋላ ያለው ይሳሳል።

መምህሩ ያውቅ ነበር ወይ? ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያከራክረኛል። ያን ሰሞን ማስታወሻው በዛ። ሰሌዳውን ይሞላል፣ ያጠፋል፣ ትናንት የጻፈውን ዛሬ ይደግመዋል። የደርዘን እንዝርት ድምፅ የማይሰማ ደንቆሮ አልነበረም። ካወቀ ታዲያ እንዝርቴን ለምን አልመለሰልኝም? ጠረጴዛው ላይ እያየሁት ነበር የምማረው። ላመሰግነው እፈልግና ያንን ሳስብ እናደዳለሁ።

ጆንያው ፍልሰታ ሳይፈታ አለቀ። በደስታ ልቃቂቶቹን በነጠላ ቋጥሬ ከዲያቆኑ ጋር ከከተማው ዳር ወዳለው ሸማኔ ሄድን። ሸማኔው ሽማግሌ ናቸው፣ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰደው ይሠራሉ። አንዱን ልቃቂት አንስተው ክሩን በሁለት ጣታቸው መሐል አሳለፉት። ሌላ አነሱ። ሌላ አነሱ።

«ይሄን የፈተለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ስንት ነሽ ታዲያ?»

ዲያቆኑ ጣልቃ ገባ። «አባቴ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?»

«አንበሳ ያስር ይሆናል» አሉ። «እኔ አንበሳ አላስርም፣ ባና ነው የምሠራው። ባና አንድ እጅ ነው የሚፈልገው። ይሄ ሲወጠር ከየጉጡ ሥር ይበጠሳል፣ በተበጠሰ ቁጥር እቀጥላለሁ። ቢዘገይ በናንተ ነው።»

ባና በአንድ ጊዜ አይሠራም። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ረጃጅም ግማሾች ለየብቻ ይሠሩና ጎን ለጎን ይሰፋሉ። ደህና ክር ቢሆን ሁለቱንም ቶሎ ያወጧቸው ነበር። የኛ ክር ግን እንዳሉት ሆነ። ከትምህርት ስወጣ እየሮጥኩ እሄዳለሁ፤ ሸማኔው አጎንብሰው እየቀጠሉ ነው። ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ክር ሲበጠስ አያለሁ። የተሠራውን በክንዴ እለካለሁ። ያን ጊዜ የረዱኝን ሰዎች ሁሉ ጠላኋቸው። የዲያቆኑን ገመድ ጠላሁት፣ የመርሐቤቴውን ጣት ጠላሁት። ብቻዬን ብፈትለው ኖሮ እስከ ጥቅምትም እንደማይደርስ ጠፍቶኝ አይደለም። ንዴት ይህን መች ያስባል።

መኪኖቹ የመጡት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ላይ ሳለን ነው። ሞተሩ ሲሰማ ይሄኛው እንደማያልፍ አወቅሁ። ከባድ ነው፣ ደግሞም ብዙ ነው። መጋዘኑ ደጃፍ ሲቆሙ በመስኮቱ አየሁ። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ እየጻፈ ነበር። ተነሳሁ። ወንበሩ ሲንቋቋ ዞረና እኔን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን አየ። ወዴት ነው ይለኛል ብዬ ቆምኩ። እሱ ግን ወደ ሰሌዳው ተመለሰና መጻፉን ቀጠለ። ወንበሮቹ ከኋላዬ አንድ በአንድ ሲንቋቁ፣ ተማሪዎቹ ተከትለውኝ ሲወጡ፣ ጠመኔው ሲንጫጫ በሩ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

በሩጫ ስደርስ ሸማኔው አንዱን ግማሽ ጨርሰው አጥፈው አስቀምጠውታል። ሁለተኛው ተወጥሮ ነው ያለው፣ ገና ክንድ ያህል ነው የሄደው።

«ቁረጡልኝ» አልኳቸው። «የተሠራውን ያህል ቁረጡልኝ፣ እሱንም ልስጠው።»

«አልቆርጥም።»

«መኪናው እኮ መጥቷል።»

«ሰምቻለሁ። መንገድ ለሚሄድ ሰው የተወጠረ ድር አይቆረጥም። የሄደበት እንዲቆረጥ ነው የምትፈልጊው?» ያለቀውን ግማሽ አንስተው እጄ ላይ ጣሉት። «ይሄን ውሰጂ። ያኛውን እጨርሰዋለሁ። እሱም ይመለስና ይሰፋዋል።»

ሮጥኩ። ጭቃው ጫማዬን አስቀርቶብኛል። ስደርስ ልጆቹ ተጭነዋል፣ ዲያቆኑ ሹፌሩን በወሬ ይዞታል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ ያላነሳው ነገር አልነበረም። ወንድሜ ከመኪናው ጎን ተንጠልጥሎ ነበር። ግማሹን ባና አቀበልኩት። ዘረጋው፣ ወርዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄ ባና ነው ወይስ መቀነት?» አለኝ።

ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ልጅ ነው። ወንድሜ ባናውን በራሱም በልጁም ትከሻ ላይ ጣለው፤ በረጅሙ በኩል ለሁለት ይበቃ ነበር።

«ሌላውን ግማሽ ጠብቂልኝ» አለኝ። መኪናው ሄደ።

ወደ እናቴ ያንኑ ቀን መንገድ ጀመርኩ። ደጃፍ ላይ ሆና ነው የጠበቀችኝ። «ለብሶ ሄደ?» አለችኝ። «ለብሶ ሄደ» አልኳት። ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛውን ግማሽ ይዤላት ስገባ በእጇ ዳበሰችው፣ ወርዱን በስንዝሯ ለካችው። የሆነውን ነገርኳት። ገምታው ነበር መሰለኝ አልተቆጣችም። ክሩን እየነካካች «ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም፣ ይሄም አይደለም» አለች። አጣጥፋ ራስጌዋ አስቀመጠችው። ማንም እንዲለብሰው አልፈቀደችም፤ ብርድ ሲበረታ እኔ እሷን ላልብሳት ስል እጄን ትመታኛለች።

አስተማሪ ሆንኩ። ተመደብኩ፣ ተዛወርኩ። ወንድሜ መጀመሪያ መልእክት ይልክ ነበር፣ ኋላ መልእክቱ ቀረ። ክፍል ውስጥ ልጆች ሲፈትሉ፣ ሲሰፉ፣ ሲያመጥጡ ዝም እላለሁ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ እጅ ዴስክ ላይ እላለሁ። እናቴ ሙሉ በሙሉ ዓይኗ ጠፋ። መኪና ሲያልፍ ግን ከኔ ቀድማ የምትሰማው እሷ ነች፣ ከመደቡ ብድግ ትላለች። ሁለታችንም አርፈን ቁጭ ማለት ረስተናል።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወንድሜ በእግሩ መጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። እናቴ ፊቱን ዳበሰች፣ አንገቱን ዳበሰች፣ ትከሻውን ዳበሰች። እጇ ትከሻው ላይ ቆመ።

«ባናህስ?» አለችው።

ወንድሜ ነገራት። ያ ፍንጭቱ ልጅ የመርሐቤቴ ልጅ ነበር። አብረው ሠልጥነው፣ አብረው ዘምተው፣ ያንን ግማሽ ባና አብረው ለብሰውት ኖረዋል። ልጁ ሲወድቅ ሌላ ምንም የሚገነዝበት ስላልነበረው፣ ወንድሜ በሱ ጠቅልሎ ቀበረው።

እናቴ እንደዚህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ልጇ እቤቷ ተመልሶ፣ እጇ ትከሻው ላይ ሆኖ ነው የምታለቅሰው።

«እናቱ አለች?» አለችው።

«አለች ይለኝ ነበር።»

«ልጇ በምን እንደተጠቀለለ ታውቃለች?»

«ከየት አውቃ?»

እናቴ ከራስጌዋ ያንን ግማሽ አወጣችና ወደኔ ዘረጋችው። ለማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

የመርሐቤቴው የክፍል ጓደኛዬ አገሩ ተመድቦ ያስተምር ነበር። ሴትዮዋን ያገኘልኝም፣ ይዞኝ የሄደውም እሱ ነው። ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ዳር ነው ቤታቸው፤ ስንደርስ እኩለ ቀን ነበር፣ ሙቀቱ ያፍናል። መርዶው ቀድሞ ደርሷቸዋል። በምን እንደተቀበረ ግን የነገራቸው የለም። ነገርኳቸው። ባናውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ከዚህ ጋር አንድ ነው፣ ባንድ ሰሞን የተፈተለ፣ ባንድ ሸማኔ የተሠራ» አልኳቸው።

ጣታቸው ክሩ ላይ ይሄድ ጀመር። ጉጥ አገኙና ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«መምህራችን ዞሮ ሲያየን ነው» አልኳቸው። «ክፍል ውስጥ ተደብቀን ነበር የምንፈትለው፤ እሱ ሲዞር እናቆማለን።»

ሌላ ጉጥ አገኙ። «ይሄስ?»

«ያ የኔ ነው» አለ የመርሐቤቴው ራሱን ደፍቶ። «መፍተል አልችልም ነበር።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። ሳቁ ማለት አልችልም፣ ፊታቸው ግን ተፈታ። «የኔ ላይም እንዲህ ያለ ጉጥ ነበረበት?» ብለው ጠየቁኝ። የኔ ያሉት የልጃቸውን ነው።

«ነበረበት» አልኳቸው።

ተነሱና ባናውን ትከሻቸው ላይ ጣሉት፣ ከፊት አጣምረው ያዙት። ላብ በግንባራቸው ይወርድ ነበር። ውሃ አቀረቡልን፣ ስለ መንገዱ ጠየቁን፣ እስከ ጓሮው አጥር ድረስ ሸኙን። እስክንሰነባበት ድረስ ከላያቸው አላወረዱትም።